«ቆዳ ነው» የተባለው ዕቃ

ቆዳ ማለት ከታረደ እንስሳ ተገፍፎ፣ ፀጉሩና ትርፍ ሥጋው ተፍቆ፣ እንዳይበሰብስ የለፋ የገላ ሽፋን ነው። ያልለፋ ቆዳ ሲደርቅ ይገተራል፤ ሲርስ ይሸታል፣ ይበሰብሳል። ማልፋት የሚባለው ሥራ የቆዳውን ውስጣዊ ቃጫ ከዛፍ ልጥና ከቅጠል በሚወጣ ጣኒን፣ ወይም ክሮሚየም በሚባለው ማዕድን ጨው አስሮ ከመበስበስ ማዳን ነው። ቆዳ መሰል የሚባለው ዕቃ ከእንስሳ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከነዳጅ ተዋጽኦ የተሠራ ፕላስቲክ በጨርቅ ላይ ይለበድና የቆዳ መልክ ባለው ሮለር እየታተመ በጥቅል ይወጣል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ግማሹ ቆዳ፣ ግማሹ ፕላስቲክ የሆነ ዕቃ አለ። ገዢን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስተው ይኸው መሀለኛው ነው።

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ ቆዳ የማያውቅ ሰው አይገኝም። ገበሬው ሞፈሩን ከቀንበር የሚያያይዘው በምራን ነው፤ እህሉን ወፍጮ ቤት የሚያደርሰው በስልቻ፣ አልጋውን የሚጠፍረው በጠፍር፣ ለእንግዳ የሚያነጥፈውም ቁርበት ነው። ከደብረ ኤልያስ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉት የአብነት ትምህርት ቤቶች ደበሎ የለበሰ ተማሪ የአካባቢው መለያ ሆኖ ኖሯል። የመንገድ ስንቅ የሚቋጠርበት አገልግልም በቆዳ የተለበጠ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው የቆዳን ጠረን፣ ጀርባና ጠርዝ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ሱቅ ገብቶ የሚታለለው እጁ የሚያውቃቸው ምልክቶች በቀለም፣ በፕላስቲክ ቅብና በገበር ስለተሸፈኑበት ነው። ስለዚህ የመለየቱ ሥራ ሁሉ የሚጠቀለለው ቅቡና ገበሩ ያልደረሱበትን ቦታ ፈልጎ በማየት ላይ ነው።

ባህላዊው የማልፋት ሥራ ጊዜ ይፈጃል። ቆዳው ለቀናት ይዘፈዘፋል፣ ፀጉሩ ይነቀላል፣ የሥጋው ወገን በስለት ይፋቃል። ከዚያ እንደ ቀረጥ ያለ ቅጠል ወይም የግራር ልጥ ተወቅጦ በተዘጋጀ ውሃ ይነከራል፤ ቀይ እንዲሆን ከተፈለገ የመቅመቆ ሥር ይጨመርበታል። በመጨረሻም ተልባ ወይም ኑግ ተቀብቶ እስኪለሰልስ ድረስ በእግር ይረገጣል፣ በእጅ ይታሻል። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች «ፋቂ» እየተባሉ ሲናቁና ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ሲገለሉ ኖረዋል። ዕቃቸውን ሁሉም ቤት እየተጠቀመበት ባለሙያዎቹን ማግለሉ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በኩራት እንዳይተላለፍ አድርጎታል፤ ዛሬ ቆዳን በእጁ ዳብሶ ዓይነቱንና ዕድሜውን የሚናገር ሰው በየከተማው እንዲያንስ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ይመስላል። በዚህ መንገድ የለፋ ቆዳ የፕላስቲክ ቅብ የለበትም። ቢቧጭሩት ሥሩም እንደ ላዩ ቆዳ ነው፤ የሚሸተውም ቅጠል ቅጠልና ጭስ ጭስ ነው።

ብራና ከዚህ ወገን አይቆጠርም። የጎጃም ጸሐፍት መጽሐፍ የሚጽፉበት ብራና ከፍየል ወይም ከበግ ይውጣ እንጂ አይለፋም፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ እየተፋቀ ይደርቃል። ውሃ ሲነካው የሚኮማተረው በዚህ ምክንያት ነው። የመጽሐፉ ሽፋንና መጽሐፉ የሚገባበት ማኅደር ግን የለፋ ቆዳ ናቸው፤ በአንድ መጽሐፍ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ስለሚገኙ ልዩነታቸውን በእጅ ዳብሶ ማወቅ ይቻላል።

ፋብሪካ የሚያወጣው ቆዳ ሌላ መንገድ ይሄዳል። በየቤቱና በየቄራው የሚታረደው ከብት ቆዳ፣ የበጉና የፍየሉም ሌጦ፣ በሰብሳቢ ነጋዴ ተገዝቶ በጨው ይታሽና ወደ ፋብሪካ ይጫናል። በአማራ ክልል በባሕር ዳርና በኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፤ ብዙዎቹ የአገሪቱ ፋብሪካዎች ግን በአዲስ አበባና በሞጆ አካባቢ የተሰባሰቡ ናቸው። ቆዳው እዚያ ሲደርስ በኖራና በኬሚካል ፀጉሩ ይነሣል፤ ትልልቅ በሚሽከረከሩ በርሜሎች ውስጥ በክሮሚየም ጨው ሲለፋ ሰማያዊ ይሆናል። ወደ ውጭ ይላክ የነበረው አብዛኛው የኢትዮጵያ ቆዳ ከዚህ ደረጃ ብዙም ያላለፈ ነበር። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ጣለ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ለፍቶና ደርቆ የመጨረሻው ቀለምና ማጠናቀቂያ ብቻ የሚቀረውንም በዚሁ ውስጥ አስገባው። ዓላማው ፋብሪካዎቹ ያለቀለት ቆዳ፣ ከዚያም ጫማና ቦርሳ እንዲያወጡ ማስገደድ ነበር።

ጥሬ ዕቃው በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሱፍ ሳይሆን ፀጉር ያለው በመሆኑ ሌጦው ቀጭን፣ ጥብቅና ጠንካራ ነው። የሱፍ በግ ሌጦ በጥቅጥቅ የሱፍ ሥርና በስብ የተሞላ ስለሆነ ከለፋ በኋላ ፊቱና ውስጡ ይላቀቃል። እ.ኤ.አ. ከ1826 ጀምሮ በእንግሊዝ ጓንት የሚሆን ቆዳ ሲያዘጋጅ የኖረው ፒታርድስ የተባለው ኩባንያ ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያን በግ ሌጦ ሲፈልግ የቆየው ለዚህ ነው፤ ጎልፍ ተጫዋቾች የሚያጠልቁት ስስ ጓንትም ከእንዲህ ያለ ሌጦ ይሠራል። በወሎ በባቲ ገበያ ስም የሚጠራው የፍየል ሌጦም ከዚህ ያላነሰ ስም አለው። የጎጃሙ ዋሸራ በግም አጭር ፀጉር ያለው ዝርያ ነው። የሚያስገርመው ይህ ሁሉ ባለበት አገር የጥሬ ሌጦ ዋጋ ከመውደቁ የተነሣ በበዓል ማግስት ቆዳ በየመንደሩ ተጥሎ መታየቱ፣ በዚያው መንደር ሱቅ ደግሞ ፕላስቲክ ጫማ «ቆዳ ነው» ተብሎ በውድ መሸጡ ነው።

የአንድ በሬ ቆዳ በስለት ተቆርጦ በጎን ቢታይ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ፀጉሩ የነበረበት የላይኛው ክፍል ቃጫው እጅግ የደቀቀና የተጠጋጋ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ቃጫው እየወፈረና እየተጠላለፈ ይሄዳል፤ በሥጋው በኩል ይላላል። የቆዳው ጥራት የሚለካው ከዚህ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደተወሰደና ምን እንደተደረገበት ነው። ፊቱ ሳይነካ የቀረ ቆዳ ከሁሉም የላቀ ነው፤ የፀጉሩ ቀዳዳም፣ እንስሳው በሕይወት ሳለ ያገኘው ጭረትም ይታይበታል። ጠባሳው የበዛ ቆዳ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት መሰል ነገር ይታሽና ወፍራም ቀለም ተቀብቶ አዲስ መልክ ይታተምበታል። ይህም ቆዳ ነው፤ ውሃና ጭቃ በመቻልም አይታማም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዋጋ ሊሸጥ አይገባም።

ወፍራም የከብት ቆዳ በማሽን ለሁለት ሲሰነጠቅ ከታች የሚቀረው ክፍል ፊት የለውም። ሸካራውን ወደ ውጭ አድርገው ሱዊድ የሚባለውን ለስላሳ ጫማ ይሠሩበታል፤ ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው በዚህ ክፍል ላይ ወፍራም የፕላስቲክ ሽፋን ለጥፈው እንደ ሙሉ ቆዳ ሲሸጡት ነው። እንዲህ ያለው ቀበቶ ገና በመጀመሪያው ዓመት ዘለበቱ ዘንድ በሚታጠፍበት ቦታ ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁ ሥር የሚታየው ጸጉራም ቡናማ ነገር በእርግጥ ቆዳ ስለሆነ ሻጩ ዋሸሁ አይልም። ከሁሉ የወረደው የቆዳ ፍርፋሪ ተፈጭቶ በማጣበቂያ ተለውሶ እንደ ወረቀት የሚጋገረው ነው። በእንግሊዝኛ «ቦንድድ ሌዘር» ይባላል፤ ለቀበቶ ውስጥ፣ ለማስታወሻ ደብተር ሽፋንና ለርካሽ ሶፋ ይውላል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለውን ዕቃ ቆዳ ብሎ የሚጠራ ሻጭ በውስጡ ስንት በመቶ ቆዳ እንዳለ እንዲናገር ይጠይቃል።

ቆዳ መሰሎቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። ፒቪሲ የሚባለው ከባድ፣ ደረቅና ርካሽ ነው፤ ለሞተር ብስክሌት መቀመጫ፣ ለሚኒባስ ወንበርና ለሻንጣ የሚበዛው ይህ ነው። ፒዩ የሚባለው ፖሊዩሬቴን ቀለል ያለና ልስልስ ስለሆነ ለጫማ፣ ለሴቶች ቦርሳና ለጃኬት ይመረጣል፤ በዓይን የሚያሳስተውም እሱ ነው። ሁለቱም ከጀርባቸው ሹራብ መሰል ወይም የተሸመነ ጨርቅ አላቸው። ቆዳን በፋብሪካ የመተካት ምኞት ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኮርፋም በሚል ስም ያወጣው ቆዳ መሰል ብዙ ገንዘብ ፈሶበት፣ ጫማው በእግር ቅርፅ ስለማይለጠጥ ገዢ አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1971 ምርቱ ተቋርጧል።

ቆዳ መሰል መሆን በራሱ ወንጀል አይደለም። ገበሬው በክረምት ጭቃ የሚጫማው ኮንጎ ጫማ ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ ሌላ ነገር ነኝም አይልም። ችግሩ ፕላስቲኩ የቆዳ ስምና የቆዳ ዋጋ ሲሰጠው ነው።

ለመለየት ሲፈለግ ከሁሉ በፊት ጠርዙ ይታይ። ቀበቶ ከሆነ የጫፉ ቁራጭ፣ ጫማ ከሆነ የማሰሪያው ቀዳዳና የምላሱ ጠርዝ፣ ቦርሳ ከሆነ ከገበሩ ሥር የተሰፋው እጥፋት ቅቡ ያልደረሰበት ቦታ ነው። ቆዳ በተቆረጠበት በኩል ደቃቅ ቃጫዎች ያለ ሥርዓት ተጠላልፈው ይታያሉ፤ በጥፍር ሲነኩት ይበተናል እንጂ በንብርብር አይላቀቅም። ቆዳ መሰሉ ግን በግልጽ ሁለት ወይም ሦስት ንብርብር ነው፤ ከላይ ለስላሳ ፕላስቲክ፣ መሀል ላይ ስፖንጅ የመሰለ፣ ከታች ጨርቅ። ጠርዙ ሁሉ ታጥፎ ከተሰፋ፣ ወይም በወፍራም ጥቁር ቀለም ከተደፈነ መጠርጠር ተገቢ ነው። ጥሩ ቆዳ ሠሪም ጠርዝ ይቀባል፤ ሆኖም ባንድ ዕቃ ላይ አንድም የተገለጠ ጠርዝ አለመገኘቱ ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት አይሆንም።

ቀጥሎ ጀርባው ነው። የቦርሳው ኪስ ሲገለበጥ፣ የጫማው ገበር በተላቀቀበት ሲታይ፣ የጃኬቱ ገበር ከእጅጌው አፍ ገለጥ ሲደረግ ከኋላ የሚገኘው ሸካራ፣ ጸጉራም የሥጋ ወገን ከሆነ ቆዳ ነው፤ የተሸመነ ክር ካለው አይደለም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ፋብሪካ ከፕላስቲኩ ጀርባ የቆዳ ብናኝ ወይም ጸጉራም ጨርቅ ይለጥፋል። ስለዚህ ጀርባው ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም፤ ከጠርዙ ጋር ተያይዞ መታየት አለበት።

ፊቱን ማየት ትዕግሥት ይፈልጋል። የእንስሳ ፀጉር በአንድ ልክ ተለክቶ አይበቅልም። የከብት ቆዳ ቀዳዳዎች ደቃቅና በየቦታው የተበተኑ ናቸው፤ የፍየል ሌጦ ቀዳዳዎች በትንንሽ ረድፍ ተሰብስበው ጎበጥ ጎበጥ ይላሉ፤ የበግ ደግሞ ይበልጥ ልስልስና ደቃቅ ነው። በማሽን የታተመ መልክ ግን ከአንድ ስንዝር በኋላ ራሱን ይደግማል። ሁለት ጫማዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የግራውና የቀኙ መልክ ነጥብ በነጥብ አንድ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ የሮለር ሥራ ነው። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ገዢዎች ከጥራት ይልቅ ከሃይማኖት አንጻር የሚያሳስብ ነገርም እዚህ ላይ ይነሣል። ከውጭ በሚገቡ ጫማዎችና ጃኬቶች ገበር ላይ የአሳማ ቆዳ ይገኛል፤ ቀዳዳዎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ በትንንሽ ሦስት ማዕዘን ስለሚደረደሩ በዓይን ይለያል።

በአውራ ጣት መጫንም ይረዳል። ቆዳ ሲጫኑት ዙሪያው በደቃቁ ይጨማደድና ጣት ሲነሣ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ፕላስቲክ ሰርጎ ብቻ ይቀራል ወይም ባንድ ጊዜ ይነሣል። ሲታጠፍ ቆዳ በታጠፈበት መስመር ቀለሙ ትንሽ ይለወጣል። ይህ ፈተና ግን ፊቱ ታሽቶ በወፍራም ቀለም በተሸፈነ ቆዳ ላይ አይሠራም፤ ልስልስ ፒዩም አንዳንዴ እንደ ቆዳ ይጨማደዳል።

ብዙ ሰው የሚተማመንበት ጠረን እንደሚታሰበው አስተማማኝ አይደለም። የቆዳ ሽታ ያለው ፈሳሽ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ፕላስቲክ ላይ ቢረጭ ለሳምንታት ይሸታል። በክሮሚየም የለፋ ጥሩ ቆዳ ደግሞ ሽታው ስስ ስለሆነ፣ የቤቱን የቁርበት ጠረን የሚፈልግ ገዢ እውነተኛውን ሐሰት ነው ብሎ ሊተወው ይችላል። በውሃ ጠብታ መፈተንም እንዲሁ ሁለት ስለት አለው። ያልተቀባ ቆዳ ጠብታውን ቀስ ብሎ ይመጥና ቦታው ይጠቁራል፤ ጠብታው ሳይገባ መንከባለሉ ግን ቅብ መኖሩን እንጂ ከሥሩ ቆዳ አለመኖሩን አያሳይም።

የክብሪቱ ፈተና በሰፊው ይወራል። ቆዳ ሲነድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ይኮማተራል፣ ዐመድ ይሆናል፤ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። እውነት ቢሆንም ምክር ሊባል አይገባውም። የሚገዛውን ዕቃ ማቃጠል አንድ ነገር ነው፤ የፒቪሲ ጭስ ደግሞ የሚያንቅ አሲድ ስላለበት ለጤና አይበጅም። ከዚህም በላይ ከቆዳ ፍርፋሪ የተጋገረው ዕቃ ሲቃጠል እንደ ፀጉር ስለሚሸት ፈተናውን ያልፈዋል። አንዳንድ ሻጭ እሳት ለኩሶ ለገዢው የሚያሳየው ሆን ብሎ ያስቀመጣትን ቁራጭ ነው፤ ቁራጯ ከዕቃው ስለመቆረጧ ማረጋገጫ የለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙም የማይነገርለት ነገር ስፋት ነው። ቆዳ በስኩዌር ፊት ይሸጣል፤ ምክንያቱም እንስሳ ጎኑ ቀጥ ብሎ አይፈጠርም። አንድ ስኩዌር ፊት በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ በግ ወይም ፍየል ሌጦ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ፊት ይሆናል። ቆዳ መሰል ግን እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሜትር ይቆረጣል። ስለዚህ «ንጹሕ የበግ ቆዳ» የተባለ ረጅም ካፖርት ከትከሻ እስከ ጉልበት ያለ አንድ መጋጠሚያ ስፌት ከወረደ በጉ ምን ያህል ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሶፋ የሚያለብሱ ሰዎችም ዋጋ ሲጠሩ በሜትር ካሰሉ የሚናገሩት ስለ ቆዳ መሰል መሆኑ ግልጽ ነው።

ገዢ ሊያማክረው የሚችለው ርካሽ ባለሙያ መንገድ ዳር የተቀመጠው ሊስትሮ ነው። ቆዳ ቀለም ይጠጣል፤ ሊስትሮው ጨርቁን ሲያሽከረክር ቀለሙ እየሰረገ ይሄድና ብሩሽ ሲነካው ጥልቅ የሆነ ብርሃን ያወጣል። ፕላስቲክ ላይ ቀለሙ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ጨርቁ ሲያልፍበት ተመልሶ ይነሣል፤ ስለዚህም ሊስትሮዎች እንዲህ ላለው ጫማ ቀለሙን ትተው በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል። ጫማ ሰፊውም የራሱ መለያ አለው፤ መርፌው ቆዳ ሲወጋ ቀዳዳው ተመልሶ ይጠጋል፣ ፕላስቲክ ሲወጋ ቀዳዳው ክፍት ይቀራል፤ ክሩ ሲጠብቅም እየቀደደ ይሄዳል። ያገለገለ ጫማ የሚገዛ ሰው ከአዲሱ ገዢ ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ጣቶች የሚታጠፉበት ቦታ ምስጢሩን አስቀድሞ አውጥቶታል። ቆዳ እዚያ ላይ ይሸበሸባል፤ ቆዳ መሰል ይላጣል።

በምልክት ወረቀት ላይ የሚጻፈው ነገር በጥንቃቄ ይነበብ። «ጄንዊን ሌዘር» የሚለው ጽሑፍ እውነት ቢሆን እንኳ ቆዳ መሆኑን እንጂ ጥሩ ቆዳ መሆኑን አይናገርም፤ የተሰነጠቀው የታችኛው ክፍልም በዚሁ ስም ይሸጣል። «ፒዩ ሌዘር»፣ «ኢኮ ሌዘር»፣ «ቪጋን ሌዘር» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ናቸው። ምላሱ ላይ ወይም ሶሉ ላይ በፋብሪካ የታተመ «ሌዘር» የሚል ቃል የሚያመለክተው ሶሉን ብቻ፣ ወይም ገበሩን ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩ ጫማዎች ላይ ግን የሚታመን ምልክት አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ መሠረት የጫማው የላይኛው ክፍል፣ ገበሩና ሶሉ ከምን እንደተሠሩ ለየብቻ በሥዕል ይገለጻል። የተዘረጋ የእንስሳ ቆዳ ቅርፅ ቆዳ ማለት ነው፤ በዚያው ቅርፅ ውስጥ አልማዝ መሰል ባለ አራት ማዕዘን ከተጨመረ የተቀባ ቆዳ ነው፤ መረብ መሰል ሥዕል ጨርቅ ነው፤ ባለ አራት ማዕዘኑ ብቻውን ከሆነ ሌላ ነገር፣ በተግባር ሲታይ ፕላስቲክ ወይም ጎማ ነው። ቅቡ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ «ቆዳ» መባሉ ቀርቶ «የተቀባ ቆዳ» ይባላል፤ ከጠቅላላ ውፍረቱ ሲሶ ከበለጠ ይህንንም ስም ያጣል። ምልክቱ የሚያሳየው ቢያንስ 80 በመቶ የሚሆነውን ክፍል ስለሆነ ቀሪው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

አገር ውስጥ የሚሠራውም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ርካሽ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙ የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች ሥራ ፈትተው ነበር፤ በኋላ ግን ጥራታቸውን አሻሽለው የአገር ውስጡን ገበያ መልሰው ይዘውታል። ደብረ ማርቆስ ሱቆች የሚደርሰው ጫማና ቦርሳ አብዛኛው ከዚያው ከመርካቶ ተጭኖ፣ በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ድብልቅ ናቸው፤ ፊት ለፊቱ ቆዳ፣ ተረከዙና ምላሱ ፒዩ። ዋጋው በዚያው ልክ ከቀነሰ ድብልቁ አይነቀፍም። ስለዚህ አንዱን ቦታ ብቻ አይቶ ስለ ሙሉው መፍረድ አይቻልም።

እውነተኛ ቆዳ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ጥራቱን ማየት ይቀራል። ከጀርባና ከዳሌ የተቆረጠ ቆዳ ጥብቅ ነው፤ ከሆድና ከብብት የተቆረጠው ይላላል፣ ጫማው ሁለት ወር ሳይሞላው ይሰፋል። ፊቱ ላይ ቅንጣት ቅንጣት ያሉ ጠባሳዎች ከታዩ እከክ ነው፤ ቅማል፣ መዥገርና የመሳሰሉ ተባዮች በበግና በፍየል ላይ የሚያደርሱት ይህ ጉዳት የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካዎች ዋና ራስ ምታት ነው። ከጀርባው በኩል የሚታዩ የቢላዋ ቅዶች ከአገፋፈፍ የመጡ ናቸው፤ ቆዳውን ስለሚያሳሱ በዚያ ቦታ ቶሎ ይቀደዳል። የጎጃም በሬ አርሶ አርሶ ሲሸመግል ስለሚታረድ ቆዳው የቀንበር፣ የጅራፍና የእሾህ ምልክት አያጣውም። ጭረቱ ላይ ላዩን ከሆነ ጥንካሬውን አይጎዳውም፤ እንዲያውም በቀለም ካልተሸፈነ ፊቱ እንዳልታሸ ያስረዳል። ሙሉ በሙሉ እንከን የለሽ ሆኖ የሚያንጸባርቅ ርካሽ ዕቃ ነው ይበልጥ ሊያጠራጥር የሚገባው።

የደጋው አየርም በፍርዱ ውስጥ ድርሻ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷ ረጅምና እርጥብ የሆነ ከተማ ናት። ፒዩ እርጥበት ባለበት ቀስ በቀስ በራሱ ይፈርሳል፤ ውሃው የፕላስቲኩን ሰንሰለት ስለሚበጥሰው ሣጥን ውስጥ ያለ አገልግሎት የተቀመጠ ቦርሳ እንኳ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ሲወጣ ይንኮታኮታል። ቆዳ በአንጻሩ ይሻግታል እንጂ አይላጥም፤ ሻጋታው በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ በጥላ ሲናፈስ ይለቃል። ቆዳን የሚገድለው እሳት ነው። በዝናብ የራሰ ጫማ ምድጃ ዳር ሲቀመጥ ቃጫው ተኮማትሮ ይደርቃል፣ ሲረግጡትም ይሰነጠቃል፤ ባለቤቱም ያን ጊዜ ቆዳ አይደለም ብሎ ሻጩን ይከሳል። ውስጡ ጋዜጣ ተጎስጉሶ በጥላ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ግን ይህ አይደርስበትም።

ክስ ሲነሣ ሕጉም የሚለው አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃው ዓይነትና ጥራት የተሳሳተ መረጃ መስጠትን ይከለክላል፤ ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ገዢው ዕቃው ጉድለት እንዳለበት ካወቀ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። በተግባር ግን አብዛኛው ደረሰኝ «ጫማ» ወይም «ቦርሳ» ብቻ ይላል፤ ሻጩ በአፉ የተናገረው «ቆዳ ነው» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ የለም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት «የበግ ቆዳ»፣ «የከብት ቆዳ» ተብሎ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን በዚያው ተናግሯል፤ ከጻፈ ደግሞ ለንግድ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ገዢው እጅ ገብቷል።